ኮሮና መሄጃ ላሳጣቸው የስትሮክ ታማሚዎች፦ ጥያቄና መልስ

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። አብዛኞቹ ታካሚዎቼ ስትሮክ የመታቸው ናቸው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ ከተገኘ ወዲህ ብዙዎቹ ጠፍተውብኝ ከረሙ። አሁን፣ ታኅሣሥ 2013 ላይ፣ አንድ በአንድ እየተመለሱ ነው። ግን እንደሄዱት ሆነው አልተመለሱም። በከዘራ ብቻውን ይሄድ የነበረ ሰው በሁለት ልጆቹ ተደግፎ መጣ። ለዚህ ነው ጥያቄ ላኩልኝ ያልኩት። እናንተም አላሳፈራችሁኝም። የያንዳንዱን ሰው የሕመም ዝርዝር የሚያውቀው የራሱ ሐኪም መሆኑን ሳትረሱ አንብቡ።

ጥያቄ (ከሳሪስ)፦ አባቴ 68 ዓመታቸው ነው። ስትሮክ ከመታቸው 2 ዓመት ሆኗቸዋል። ከኮሮና በፊት ደህና ነበሩ፤ ስፖርት የሚባል ነገር ግን ሠርተው አያውቁም። እቤት ከዋሉ ወዲህ እግራቸው እየከዳቸው ነው። ድሮም ስፖርት ካልሠሩ አሁን ምን ጎደለባቸው?

መልስ፦ ይሠሩ ነበር እኮ! ስፖርት ብለን አልጠራነውም እንጂ። እስቲ ቁጠሪው። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ በወር ዕድር፣ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል ለቅሶ ቤት፣ ማታ ማታ ሰፈር ያለው ሱቅ። ለቅሶ ቤት ብቻ ስንት ጊዜ ነው የሚነሡት የሚቀመጡት? ሰው በገባ ቁጥር «ኖር» ብለው ብድግ ይላሉ። እኔ ክሊኒክ ውስጥ አስከፍዬ የማሠራውን ከወንበር የመነሣትና የመቀመጥ ልምምድ አባትሽ በነጻ ይሠሩት ነበር።

ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ መጣ። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። አዋጁ ካበቃ በኋላም ፍርሃቱ ቀረ። ኮሮና ከአባትሽ የወሰደባቸው መሄጃቸውን ነው። መሄጃ የሌለው ሰው ደግሞ «ተነሥና ተንቀሳቀስ» ቢሉት ወዴት ይሂድ?

ስለዚህ መሄጃ ፍጠሩላቸው። አንድ ታካሚዬ ቤተሰባቸው የግቢውን በር የመክፈት ሥራ ሰጣቸው። ከበረንዳው ወንበራቸው እስከ በሩ 22 እርምጃ ነው፤ አብሬያቸው ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። በቀን 10 ጊዜ ቢንኳኳ ደርሶ መልሱ 440 እርምጃ ይሆናል። ከወንበሩ 10 ጊዜ መነሣቱም አለ። የመጀመሪያው ሰሞን እንግዳው በር ላይ ይቆም ነበር። ትንሹ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ሥራው እንዳይቀዘቅዝ ነው መሰለኝ ሆን ብሎ እየወጣ ያንኳኳል። በሦስተኛው ወር ቁልፉን በደካማው እጃቸው ለማዞር መሞከር ጀመሩ። ያንን ያዘዝኩት እኔ አይደለሁም።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ በቀን ስንት ደቂቃ ነው መንቀሳቀስ ያለባት? እናቴ ቶሎ ይደክማታል።

መልስ፦ የዓለም ጤና ድርጅት ኅዳር 2013 ላይ ያወጣው መመሪያ ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውንም ይጨምራል። በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ደግሞ ጡንቻ የሚያጠነክር ይላል። ቁጥሩን አይተሽ አትደንግጪ። ያው መመሪያ ትንሽም ቢሆን ከምንም ይሻላል ይላል። በ5 ደቂቃ ጀምሩ። ጠዋት 5፣ ማታ 5። ሳይከብዳት ሳምንት ከዘለቀች አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

ከስትሮክ በኋላ የሚመጣው ድካም ስንፍና አይደለም። ያልተነካ አንጎል ሳያስበው የሚሠራውን የተጎዳ አንጎል በብዙ ትግል ነው የሚሠራው። ደህና በምትሆንበት ሰዓት አሠሪያት፤ ብዙ ሰው ላይ ጠዋት ይሻላል። ልኩን በወሬ እወቂው። እየሄደች ማውራት ከቻለችና መዘመር ካቃታት ልክ ነው። ማውራትም ካቃታት ቁጭ ትበል።

የማይሠራበት ቀንም አለ። እረፍት ላይ ሆና ግፊቷ ከላይ 180 ወይም ከታች 110 ካለፈ፣ ደረቷን ካመማት ወይም ካተኮሳት በዚያ ቀን ይቅር፤ ለሐኪሟም ደውሉ።

ጥያቄ፦ ኳስ ገዝተንለት ቀኑን ሙሉ ይጨብጣል። ጣቶቹ ግን እንደተኮማተሩ ናቸው።

መልስ፦ ይቺ ኳስ የሌለችበት ቤት የለም። አብዛኛው ታማሚ የሚቸግረው ግን መጨበጡ ሳይሆን መልቀቁ ነው። የተኮማተረ እጅ ቀኑን ሙሉ ሲጨብጥ የሚለማመደው ያንኑ መኮማተር ነው። መዘርጋቱን አለማምዱት። ጠረጴዛ ላይ ፎጣ አንጥፉና መዳፉን ዘርግቶ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይግፋው። ጣቶቹ ትንሽ ትንሽ ከታዘዙለት ሰፌድ ላይ ሽንብራ አድርጉና ይልቀም። እያነሣ ሌላ ሳህን ውስጥ ይጣል። ሽንብራው ከቀለለው ወደ ምስር ይለፍ፤ ምስር ተንኮለኛ ናት። «የሴት ሥራ» ብሎ የሚያኮርፍ አባወራ ሞልቷል። አኩርፎም ቢሆን ይልቀም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ሆስፒታል ስንፈራ ወጌሻ ጠርተን የታማሚያችንን ትከሻ አሳሸን። አሁን ሕመሙ ባሰባት። ቫይታሚን መርፌስ ይጠቅማል?

መልስ፦ ከስትሮክ በኋላ የትከሻ ጡንቻ ሲላላ ክንዱ ከመገጣጠሚያው ወደ ታች ይንጠለጠላል። ወለም ያለ ስለሚመስል ሰው ይስበዋል። መሳብ ደግሞ ይብስበታል። ቀስ ብሎ በቅባት መዳሰስ ክፋት የለውም፤ መጎተትና «ቋ» ማሰኘት ግን ይቁም። እናንተም ስታነሷት በደካማው እጇ አትጎትቷት፣ በብብቷ ሥር ገብታችሁም አትሸከሟት። ስትቀመጥ ክንዷን ትራስ ላይ አሳርፉላት። ሕመሙ ስለባሰባት ግን አንድ ባለሙያ ይያት።

መርፌውን በተመለከተ፣ የቫይታሚን እጥረት እንዳለባት ሐኪም ካላገኘ በቀር እጅ የሚያስነሣ መርፌ የለም። ብሩን ለግፊት መድኃኒቷ አውሉት።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ሊፍት የለም። ከወጣ ወድቆ ይሰበራል ብለን እቤት ዘግተንበታል።

መልስ፦ የመውደቅ ፍርሃታችሁ ይገባኛል። ተቀምጦ የከረመ ግን እግሩ ስለሚላላ ይበልጥ ይወድቃል። ደረጃ ሲወጣ ደህናው እግር ይቀድማል፤ ሲወርድ ደካማው ይቀድማል። ደህናው እጅ መደገፊያውን ይያዝ። ሲወርድ እናንተ አንድ ደረጃ ከፊቱ፣ ሲወጣ አንድ ደረጃ ከኋላው ሁኑ። መጀመሪያ ሦስት ደረጃ ብቻ ወርዶ ይመለስ። ነጠላ ጫማ አውልቁበትና ተረከዙን የሚይዝ ጫማ አድርጉለት። የሚንሸራተተውን ምንጣፍ ጠቅልሉት። ሌሊት መጸዳጃ ቤት መብራት ይኑር፤ እዚያ ሲሄድ የሚወድቅ ሰው ብዙ ነው። ማስክ ካፈነው ኮሪደሩ ባዶ የሚሆንበትን ሰዓት ምረጡ።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ እማማ ጾም ላይ ናቸው። ስግደቱንም አልተውም ብለዋል።

መልስ፦ እንዲህ ያለውን ነገር ለእኔ ከመንገር ለነፍስ አባታቸው መንገር ይሻላል። ለታመመ ሰው ማቅለል ያውቁበታል። ከእኔ በኩል ያለው ይህ ነው፦ በጾም ምክንያት የግፊት መድኃኒት አይዘለልም፣ ውኃም አይቀነስ። ጎንበስ ቀና ማለቱ ራስ ያዞራል፤ ወንበር ይዘው ወገባቸውን ብቻ ዝቅ ቢያደርጉ ይበቃል። ሶላታቸውን ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚሰግዱ ታካሚዎችም አሉኝ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «ሸክም ሆንኩብሽ» እያለ ያለቅሳል። አልሠራም፣ ተይኝ ይላል። እኔም ተውኩት።

መልስ፦ አትተዪው፣ አትቆጪውም። ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ድባቴ ይይዘዋል። የራሱ ሕክምና ያለው ሕመም ነው። አንዳንዱ ደግሞ ሳያዝን ያለቅሳል፣ ያለቦታው ይስቃል፤ ጉዳቱ አንጎል ላይ ስለሆነ ነው። ሁለቱንም ለሐኪሙ ንገሪው። ኮሮናው ደግሞ ወዳጆቹን አስቀረበት። እስከዚያው አንዱ ጓደኛው በረንዳ ላይ ርቀቱን ጠብቆ፣ ማስኩን አድርጎ ይምጣ። ለእንግዳ ሲባል ሸሚዝ ይለበሳል፣ ፂም ይላጫል፣ በረንዳ ድረስ ይኬዳል። የሸሚዙን ቁልፍ ግን አትቆልፊለት። ግማሽ ሰዓት ቢፈጅበትም ራሱ ይቆልፍ። እኛ ስንወድ ሁሉን ነገር እንሠራለታለን፤ ሰው ሸክም የሚሆነው እንዲያ ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ትናንት አፉ ጠመም ብሎ በግማሽ ሰዓት ተመለሰ። ሆስፒታል ኮሮና አለ ብለን ቀረን።

መልስ፦ ይህን እያነበብክ ከሆነ አሁኑኑ ውሰደው። ምች ነው ብለህም አትዘግይ። ራሱ ተመለሰ ማለት አለፈ ማለት አይደለም፤ ትልቁ ከመምጣቱ በፊት የሚሰጥ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላል። ማስክ አድርጋችሁ ሂዱ። አምቡላንስ ካስፈለገ የቀይ መስቀል 907 ነው።

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)፦ አባታችን አዲስ አበባ ናቸው። በረራው ሲስተካከል እስክንመጣ ምን እናድርግ? ገንዘብ እንልካለን፣ በየቀኑ በቪዲዮ እንደውላለን።

መልስ፦ መደወላችሁን ተጠቀሙበት። ሲደወል ስልኩ አልጋቸው ድረስ ይመጣላቸዋል አይደል? ከነገ ጀምሮ ሳሎን መስኮቱ ጋ ይቀመጥ፤ እሳቸው ወደ ስልኩ ይሂዱ። «እንዴት አደሩ» ካላችሁ በኋላ ደግሞ ትናንት የት የት እንደሄዱ ጠይቋቸው። «የት እሄዳለሁ፣ እዚሁ ነኝ» ይሏችኋል። ከነገ ወዲያም ጠይቋቸው።