ስለ አባትሽ ፓርኪንሰንና ስለ ጾሙ

እህቴ፣ አባታችሁን ፓርኪንሰን የሚባለው የአንጎል በሽታ የጀመራቸው ገና በ38 ዓመታቸው ነው፣ በምርመራ ፓርኪን የሚባል ጂን ላይ ሚውቴሽን (የጂን ብልሽት) ተገኘባቸው፣ እናንተንም ልጆቻቸውን ይይዛችኋል ወይ ብለሻል። ጾም ሴል ያጸዳል ስለተባለ ክኒኑን አቁመው ይጹሙ ወይ የሚለውንም አየሁት። ሐኪም አይደለሁም። ይኸው በሽታ የያዛትን እናቴን ግን እዚሁ ፒያሳ ስምንት ዓመት አስታምሜያለሁ።

ከጾሙ ልጀምር፣ እሱ ያስቸኩላል። አታስቁሟቸው! እናቴ በዐቢይ ጾም የጠዋቱን ክኒን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት ጀመረች። በሦስተኛው ቀን ከወንበሯ መነሳት አቃታት፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ተሸክመን አስተኛናት። ምክሩን የሰጠኋት ደግሞ እኔው ነበርኩ፣ ኢንተርኔት ላይ አንብቤ። ረሃብ የሴል ጽዳትን እንደሚያነቃቃ በእርሾና በእንስሳት ታይቷል። ጃፓናዊው ዮሺኖሪ ኦሱሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ኖቤል የተሸለመው በዚሁ ነው። ፓርኪንሰን የያዘውን ሰው ያድናል የሚል ማስረጃ ግን የለም፤ ክኒኑን፣ ማለትም ሊቮዶፓን፣ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ እስከ ከባድ ትኩሳትና ሰውነት መገታተር ሊያደርስ ይችላል። በኋላ የንስሐ አባቷ ራሳቸው "ዋጪ" ብለው ገላገሉን። ክኒኑን ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም አድርገው ይዋጡ፣ ፕሮቲን ይሻማዋል። ሥጋ ብቻ እንዳይመስልሽ፣ ሽሮም ምስርም ፕሮቲን ነው።

ጂኑ የገባኝ በቆራሌው ነው። ጠዋት "ቆራሌው!" እያለ የተሰበረውን ሁሉ ሰብስቦ ምናለሽ ተራ ያደርሳል፣ እዚያ ተቀጥቅጦ ምድጃ ይሆናል። ማይቶኮንድሪያ የሴል ጄኔሬተር ናት በይ። ስትበላሽ ፒንክ 1 የሚባል ፕሮቲን ላይዋ ተከማችቶ ፓርኪንን ይጠራል፣ ፓርኪን "ይወሰድ" የሚል ምልክት ይለጥፍባታል፣ ከዚያ ላይሶዞም በሚባለው የሴሉ መፍጫ ውስጥ ተፈጭታ ፍርፋሪዋ መልሶ ለሥራ ይውላል። ፓርኪን ከሌለ ጥሪው አለ፣ ቆራሌው የለም። ለሰውነት እንቅስቃሴ የሚያስፈልገውን ዶፓሚን የሚባል ኬሚካል የሚሠሩት የአንጎል ሴሎች ጉልበት ስለሚበሉ ቆሻሻው ቀድሞ የሚጎዳው እነሱን ነው።

ልጅ ከአባት አንድ፣ ከእናት አንድ የጂን ቅጂ ይወስዳል። በፓርኪን በኩል በሽታው የሚመጣው በአብዛኛው ሁለቱም ሲበላሹ ነው። ከአባታችሁ የተበላሸውን ብትወርሱ እንኳ የእናታችሁ ጤነኛ ከሆነ ጽዳቱ ይሠራል። (ዘመዳሞች ያንኑ ብልሽት ሊጋሩ ስለሚችሉ ሰባት ቤት መቁጠር ለዚህም ይጠቅማል።) ኤልአርአርኬ 2 የሚባለው ጂን ይለያል፣ በሽታውን ለማምጣት አንድ የተበላሸ ቅጂ ይበቃዋል። ያም ሆኖ ተሸክመውት ሳይታመሙ የሚያረጁ ብዙ ናቸው። እናቴን ደግሞ በ67 ጀመራት፣ ከዘመድ ማንም የለባትም፤ አብዛኛው ታማሚ እንደሷ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን አውጪና እይው፦ ሚውቴሽኑ በአንዱ ቅጂ ነው በሁለቱም? እናታችሁ ከአባታችሁ ጋር ይዛመዳሉ? እነዚህን ሁለቱን ይዘሽ ሐኪሙን ጠይቂው።