ስኩዊድ ሜሞሪ ሲበላ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የስኩዊድ ፕሮክሲ (በተጠቃሚዎችና በኢንተርኔት መካከል ሆኖ የድረ ገጾችን ቅጂ፣ ማለትም ካሽ፣ የሚያስቀምጥ ፕሮግራም) የማሠራበት ሰርቨር 8 ጊጋባይት ራም አለው። «ካሽ ሜም» የሚባለውን ቅንብር 2 ጊጋባይት አድርጌዋለሁ፤ 200 ጊጋባይት የዲስክ ካሽም አለው፣ ሞልቷል። ስኩዊድ ግን ብቻውን 5 ጊጋባይት ይይዛል። በየሌሊቱ ዘግቼ አስነሳዋለሁ፤ ብዙም ሳይቆይ 3 ጊጋባይት ይደርሳል፣ ቀን ላይ ወደ 5 ይመለሳል። ሜሞሪ እየፈሰሰበት፣ ማለትም የማይፈልገውን ሳይለቅ እየተጠራቀመበት ነው?

መልስ፦ አይመስለኝም። «ካሽ ሜም» በራም ውስጥ ለሚቀመጡት ገጾችና ፋይሎች ልክ ያወጣል እንጂ የፕሮግራሙን ጠቅላላ መጠን አይገድብም። ስኩዊድ በዲስክ ላይ ያለውን ሁሉ የሚያገኝበት ማውጫ በራም ይይዛል፤ በ64 ቢት ማሽን ለአንድ ጊጋባይት የዲስክ ካሽ 14 ሜጋባይት ያህል ይታሰባል። በ200 ያባዙት፤ 2.8 ጊጋባይት። እንደተነሳ የሚያዩት 3 ጊጋባይት በአብዛኛው ይኸው ነው፤ ማውጫውን መልሶ ሲገነባ ነው። ቀን የሚጨመረው 2 ደግሞ እርስዎ ራስዎ የፈቀዱለት ነው።

የሌሊቱን ማስነሳት ግን ይተዉት። ብዙ የሰርቨር ኃላፊዎች እንደ መድኃኒት ያዩታል፤ እኔ ማስረጃ ከማጥፋት በቀር ጥቅሙ አይታየኝም። ሳያቋርጡ ያሠሩትና የያዘውን ሜሞሪና ያስተናገደውን የጥያቄ ብዛት በየሰዓቱ ይመዝግቡ። ወጥቶ አንድ ቦታ ላይ ከረጋ ደህና ነው። ሌሊት ተጠቃሚ ሲቀንስ ሜሞሪው ባይወርድም አይደንግጡ፤ ፕሮግራሙ የለቀቀው ሜሞሪ ወደ ሊኑክስ ሳይመለስ ለቀጣዩ ሥራ ተይዞ ሊቆይ ይችላል። መጠርጠር ያለብዎት ካሹ ሁሉ ሞልቶም ጥያቄ በተስተናገደ ቁጥር ሽቅብ መውጣቱን ካላቆመ ነው።

ያኔ ካሽ ማኔጀር ከሚባለው የስኩዊድ የራሱ መከታተያ የሜሞሪ ዘገባ ያውጡ። የትኛው ዓይነት ነገር ስንት እንደተያዘ በየረድፉ ይነግርዎታል። ሥራ የሚበዛበትን ሰዓት ዘገባ ከሌሊቱ ጋር ያስተያዩ። የተጠቃሚዎችን ግንኙነት የሚይዘው ረድፍ ሰው ሲወጣ መቀነስ አለበት፤ ሰው ወጥቶም በየቀኑ የሚያድግ ከሆነ ፍሳሹ በዚያ በኩል ነው። የሜሞሪ ፍሳሽ የሚፈልገውን ቫልግራይንድ የሚባል መሣሪያ ወደሚሠራው ሰርቨር አያምጡት፤ ፕሮግራሙን ከ20 እስከ 30 እጥፍ ያዘገየዋል፣ ቦታው የሙከራ ማሽን ነው።

8 ጊጋባይቱ ከጠበበዎት የዲስክ ካሹን ወደ 100 ያውርዱት፤ 1.4 ጊጋባይት ያህል ራም ይተርፍዎታል።