የልጅሽ ከንፈር ተሰንጥቋል ለተባልሽው እህት

ከድሬዳዋ ሳቢያን የጻፍሽው እህቴ፣ በ6 ወርሽ አልትራሳውንድ ላይ «ከንፈሩ የተሰነጠቀ ነው» ብለውሽ፣ ስትጠይቂ ደግሞ «ሲወለድ ታይዋለሽ» ብለው ሸኝተውሻል። እንዲህ ተብሎ እናት አይሸኝም። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ ከንፈር የሚገጥመው ገና በ7ኛው ሳምንት ገደማ ነው።

1ኛ. ምርመራውን አስደግሚ። ልብ፣ አንጎል፣ ኩላሊት፣ እጅና እግሩ በየተራ ይታይ። ስንጥቁ ብቻውን ከሆነ አእምሮው ተጎድቷል ማለት አይደለም፤ ሌላ ችግር ከታየ ግን ወደ ከፍተኛ ሆስፒታል ሪፈር ያስፈልጋል። ላንቃው (የአፉ ጣሪያ) አብሮ ተሰንጥቆ እንደሆነ በአልትራሳውንድ በደንብ አይታይም፤ ወረቀቱ «ደህና» ቢልም እንደተወለደ ምላሱን ተጭነው በባትሪ እስከ እንጥሉ ድረስ ይዩት።

2ኛ. ሆስፒታል ውለጂ። ስንጥቁ ብቻውን በኦፕራሲዮን ለመውለድ ምክንያት አይሆንም።

ትልቁ ጉዳይ አመጋገቡ ነው፤ ሳትወልጂ ተማሪው። ከንፈሩ ብቻ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጡት ይይዛል። ላንቃው ከተከፈተ ግን አፉ ይንቀሳቀሳል እንጂ ወተቱን መሳብ አይችልም። ደክሞት ሲተኛ ጠገበ ይባላል፤ ብዙ ሕፃናት የሚከሱት በዚህ ነው። ስለዚህ ጡትሽን እያለብሽ፣ ልጁን ቀጥ አድርገሽ ይዘሽ፣ በንጹሕ ሲኒ ወይም በሚጨመቅ ለስላሳ ጡጦ በትንሽ በትንሹ ስጪው። በአፍንጫው ቢመለስ አትደንግጪ፤ ቆም ብለሽ ጥረጊለት። ቶሎ ቶሎ አስገሺው። አንዱ ምግብ ከ30 ደቂቃ አይለፍ፤ ከዚያ በላይ ሲታገል የበላውን ያቃጥለዋል። በድሬ ሙቀት የታለበ ወተት ቶሎ ይበላሻልና ለየምግቡ አዲስ እለቢ። ቅቤ አያልሱት፣ ወደ ሳንባው ይገባል። እንጥሉንም ማንም እንዳይቆርጠው፤ ላንቃው ሲጠገን ያስፈልጋል።

በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ አስመዝኚው። በ2 ሳምንት የተወለደበትን ኪሎ ካልመለሰ አትጠብቂ፣ ሐኪም ይየው። ኪሎው ካልደረሰና ደሙ ካነሰ ቀዶ ሕክምናው ይዘገያል፤ የከንፈሩ ከ3 ወር ጀምሮ፣ ክብደቱ ወደ 5 ኪሎ ሲጠጋ፣ ሄሞግሎቢኑ (የደም መጠኑ) 10 ሲሆን ይሠራል። የላንቃው ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ነው፤ ከዘገየ ንግግሩ ይበላሻል።

ገንዘብ አያስጨንቅሽ። ስማይል ትሬን የተባለው፣ የተሰነጠቀ ከንፈርና ላንቃ የሚያሳክም በጎ አድራጎት ድርጅት በሚደግፋቸው ሆስፒታሎች ቀዶ ሕክምናው በነፃ ነው። ከአሁኑ ድል ጮራ ሆስፒታል ወይም ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል ሄደሽ ወዴት እንደሚልኩሽ ጠይቂ፣ የአልትራሳውንዱንም ወረቀት ያዢ። ላንቃው የተከፈተ ልጅ ጆሮው ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀምበታልና ከተወለደ በኋላ መስማቱንም አስመርምሪ።