ውኃው ምን ቀለም ነው?

ሰሞኑን የመጡልኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ጀልባና ቦይ ስለመሳል ናቸው። ምን እንደነካችሁ አላውቅም፤ ግን ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ የቦይ ጀልባዎች በዘይት ቀለም እየሳልኩ ነው። ጀልባዎቹ አምረዋል፤ ውኃው ግን ሰማያዊ የተቀባ ግድግዳ ይመስላል። የትኛውን ሰማያዊ ልግዛ?

ምንም አይግዙ። ውኃ የራሱ ቀለም እምብዛም የለውም፤ ፊት ለፊቱ የቆመውን ይለብሳል። አልፍሬድ ሲስሊ እ.ኤ.አ. በ1870 የሳለውን የፓሪሱን የሳን ማርታን ቦይ ፈልገው ይዩት፤ ኦርሴ ሙዚየም ነው ያለው። ውኃው ወጥ ሰማያዊ አይደለም፤ በአጫጭር የብሩሽ ምቶች የተሰባበረ ነው። ጠጋ ሲሉ ቁርጥራጭ ቀለም ብቻ ነው። ራቅ ሲሉ ይንቀሳቀሳል።

ሌላም ነገር አለ። እግርዎ ሥር ያለው ውኃ፣ ቁልቁል ሲያዩት፣ ካረፈበት ብርሃን የሚመልሰው 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ስለዚህ ዓይንዎ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጭቃውን፣ አረንጓዴውን ያያል። ራቅ ያለውን ውኃ ግን የሚያዩት አግድም ነው። እዚያ ብዙው ብርሃን ስለሚመለስ የሚታይዎት ሰማዩ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ ጠቆር፣ ወደ ላይ ነጣ ያድርጉት፤ ግድግዳው ያን ጊዜ ይተኛል።

ጥያቄ፦ ጀልባውን ስዬ ወረቀቱን ገልብጬ ነጸብራቁን እቀዳለሁ። ግን የሆነ ነገር ልክ አይመጣም። ተማሪ ነኝ።

ነጸብራቅ ግልባጭ ስላልሆነ ነዋ! መስታወት ጠረጴዛ ላይ አጋድሚና ከላዩ ኩባያ ከፍ አድርገሽ ያዢ። አንቺ የኩባያውን ውስጥ ታያለሽ፤ መስታወቱ ግን የሚያሳይሽ ቂጡን ነው። ጀልባም እንደዚያ ነው። ከቦዩ ዳር ቆመሽ የምታዪያቸው መቀመጫዎች ውኃው ላይ የሉም፤ ያለው የጎኑ እንጨት ነው።

ብርሃኑም አይገለበጥም። ነጭ ጀልባ ውኃው ላይ ጠቆር፣ ጥቁር ጀልባ ደግሞ ፈካ ይላል። እኔ ይህን ሳላውቅ ስንት ዓመት ነጩን በነጭ ስቀዳ ኖሬአለሁ። ጀልባዎቼ በሙሉ አየር ላይ የተንጠለጠሉ ይመስሉ ነበር።

ጥያቄ፦ ጥላና ነጸብራቅ አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ጥላው ከፀሐይዋ ጋር ይዞራል፤ ነጸብራቁ እርስዎ ቦታ ሲቀይሩ ይቀየራል። ጥላ ደፍረስ ያለ ውኃ ላይ በደንብ ያርፋል። ጥርት ያለው ላይ ብዙም አይታይም።

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው ሠዓሊ ሞኔ ጀልባ ላይ ሆኖ ይስል ነበር ይባላል። ወሬ ነው?

ወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ ፓሪስ አጠገብ፣ አርጀንተይ ሲኖር ትንሽ ክፍል የተሠራላት ጀልባ ነበረችው፤ ሴን ወንዝ ላይ ስቱዲዮው እሷ ነበረች። ሌላው ሠዓሊ ማኔ በ1874 እዚያው ጀልባዋ ላይ ሲሠራ ስሎታል። (ሞኔና ማኔ፤ አዎ፣ እኔንም ያምታቱኛል።) ጥቅሙ ዓይኑ ለውኃው መቅረቡ ነው። ዝቅ ብለው ሲያዩት ውኃው ነጸብራቅ በነጸብራቅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሞገዱን በስንት መስመር ልሳለው?

በጥቂት። የቬኒሱ ሠዓሊ ካናሌቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ቦዮቹን በትናንሽ ነጭ ቅስቶች ሞልቷቸዋል። ሰው ይወዳቸዋል፤ ለእኔ ግን አንዳንዴ የእጅ ጽሕፈት ልምምድ ይመስሉኛል። የግድ ካሉ፣ የቅርቦቹን ሰፋ፣ የሩቆቹን ጠበብና ቀጠን ያድርጓቸው። ጀልባው ሥር ያሉትን እንዳሉ ይተዉና የቀሩትን ቀለሙ ሳይደርቅ በጨርቅ ያንሷቸው።