መልስ፦ መምህራን ቻትጂፒቲን እንዳይጠቀሙ ልከልክል ወይስ ልፍቀድ?

የተከበሩ ርዕሰ መምህር፣ መምህራንዎ ቻትጂፒቲን (ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ የሚሰጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሣሪያ) ለፈተና ዝግጅትና ለእርማት መጠቀም በመጀመራቸው ልከልክል ወይስ ልፍቀድ ሲሉ ላነሡት ጥያቄ፣ በእኔ እምነት ከሁለቱም የሚቀድመው የተማሪዎችን መረጃ መጠበቅ ነው። የተማሪ ስም፣ ውጤትም ሆነ የጤና ሁኔታ ወደ እነዚህ መሣሪያዎች እንዳይገባ ዛሬውኑ በጽሑፍ ያሳውቁ፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የሕግም ኃላፊነት ሆኗል። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ እነዚህን መሣሪያዎች በክፍል ውስጥ ለመጠቀም ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ዓመት እንዲሆን መክሯል።

ተማሪን ግን ጽሑፍ በሰው ሠራሽ አስተውሎት መጻፉን በሚለይ ማወቂያ ሶፍትዌር ውጤት ብቻ እባክዎ አይቅጡ፤ የቻትጂፒቲ ሠሪ የሆነው ኦፕን ኤአይ ራሱ የሠራውን ማወቂያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ በዚያው ዓመት ከአገልግሎት አውጥቶታል። ጥርጣሬ ካለ መምህሩ ተማሪው ሥራውን በቃል እንዲያስረዳ ይጠይቀው። በእርማት ረገድ ደግሞ፣ በተለይ በአማርኛ ለተጻፈ ድርሰት፣ የመጨረሻው ውጤት ከመምህሩ እጅ እንዳይወጣ አጥብቄ እመክራለሁ።