የሞስኮው ፑሽኪን ቦታ ቀይሯል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ያደግሁት ሳር ቤት፣ ፑሽኪን አደባባይ አጠገብ ነው። ታናሽ ወንድሜ አሁን ሞስኮ ይማራል። በቀደም ፑሽኪን ሐውልት ሥር የተነሳውን ፎቶ ላከልኝና «ይሄ ሐውልት እኮ ድሮ ከመንገዱ ማዶ ነበር» አለኝ። ያን የሚያህል ነሐስ ተነቅሎ ይሻገራል እንዴ? እህታችሁ ከሳር ቤት።

መልስ፦ ወንድምሽ ልክ ነው፣ ተሻግሯል። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በሰኔ 1880 ሲመረቅ የቆመው በትቬርስኮይ ጎዳና ጫፍ ላይ፣ ከስትራስትኖይ ገዳም ፊት ለፊት ነበር። ገዳሙ በ1930ዎቹ ፈረሰ። በ1950 ሐውልቱን አንስተው መንገዱን አሻገሩት፣ የገዳሙ ደወል ቤት በነበረበት ቦታ ላይ አቆሙት፣ ፊቱንም አዞሩት። ስለዚህ ዛሬ ፑሽኪን የሚያየው ድሮ የቆመበትን ቦታ ነው።

እኔን ግን ከቦታው ይበልጥ የሚቆጨኝ መቆሚያው ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ነው። ፑሽኪን ሊሞት ጥቂት ወራት ሲቀሩት በጻፈው ግጥም፣ በዚያ ጨካኝ ዘመን ነፃነትን አወድሻለሁና ሕዝቤ ይወደኛል ብሎ ነበር። ከሞተ በኋላ ወዳጁ ዡኮቭስኪ ሳንሱሩን ለማለፍ ሲል ስንኙን ለወጠው። ነፃነት የሚለው ወጣ፣ በግጥሜ ውበት ጠቅሜያለሁ የሚል ገባ። ሐውልቱም ላይ የተቀረጸው ይኸው የተለወጠው ነው! ትክክለኛው ቃል የተመለሰው የሞተበት 100ኛ ዓመት ሲታሰብ ነው። ያን ሁሉ ዘመን ሰው እያነበበ ያለፈው እሱ ያላለውን ነገር ነበር።

ገንዘቡ የሕዝብ መዋጮ መሆኑን ደግሞ ልብ በይልኝ። ከ100 ሺህ ሩብል በላይ ተሰብስቧል፣ መዋጮው ከተጀመረ እስከ ምርቃቱ 20 ዓመት ፈጅቷል። ቀራፂው ኦፔኩሺን ራሱ ከገባር ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነው። በምርቃቱ ሰሞን ዶስቶየቭስኪ ያደረገው ንግግር አዳራሹን እንዳስለቀሰ ይነገራል። በታኅሣሥ 1965 ደግሞ ለታሰሩ ደራሲዎች ግልጽ ችሎት የጠየቁ ሰዎች የተሰበሰቡት እዚሁ ሐውልት ሥር ነው፤ ነፃነት የሚለው ቃል በተመለሰበት መቆሚያ አጠገብ።

ወንድምሽ ዳግመኛ ሲሄድ በመቆሚያው ጎን ያሉትን ስንኞች ያንሳልሽ። ከኋላም ዞሮ ይይ። ቀኝ እጁን ሰደሪያው ውስጥ ከቶ አንገቱን ደፋ ያደረገው ሰውዬ፣ በግራ እጁ ጀርባው ላይ ኮፍያውን ይዟል። ከፊት በሚነሳ ፎቶ ይሄ አይታይም።