መልስ፦ ግቢው ቢጠብም ልጆቹ መሮጥ ይችላሉ

"አዲስ አበባ ያለው የልጆቼ ትምህርት ቤት ሜዳ የለውም፤ እኛ ወላጆች ምን ብለን እንጠይቅ?" ላሉት እናት፦

ሜዳ ይሠራልን ብላችሁ አትጀምሩ፤ ለልጆቹ ጊዜ ይሰጣቸው በሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ የልብ ምትን የሚያፈጥን እንቅስቃሴ ይመክራል። ይህን በሳምንት አንዴ በምትመጣ የስፖርት ክፍለ ጊዜ መሙላት አይቻልም። ያቺም ብትሆን ፈተና ሲቃረብ ለሌላ ትምህርት ማካካሻ ስትወሰድ በጣም ያሳዝነኛል።

በስኮትላንድ ስተርሊንግ ከተማ አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. የጀመረውን ለርእሰ መምህሩ ይንገሯቸው። ልጆቹ በየቀኑ ለ15 ደቂቃ ከክፍል ወጥተው፣ ልብስ ሳይቀይሩ፣ እንደ አቅማቸው ይሮጣሉ ወይም ይራመዳሉ። ውድድር ስላልሆነ ወደ ኋላ የሚቀር ልጅ አይሸማቀቅም፤ ለእኔ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ግቢው ከጠበበ ክፍሎቹ በተራ ይውጡ። ለገመድ ዝላይና ለሰኞ ማክሰኞም ትንሽ ቦታ ይበቃል፤ መዝለል ደግሞ አጥንት ያጠነክራል።

ከግቢው ውጭ ያለው የወረዳው ድርሻ ነው። ከተማችን በ2011 ዓ.ም. "መንገድ ለሰው" ብላ ዋና ዋና መንገዶችን ለተወሰነ ሰዓት ለመኪና ዘግታ ለእግረኛና ለስፖርት ከፍታ ነበር። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱም በትምህርት ቤቱ በር የምታልፈው የውስጥ መንገድ ቅዳሜ ጠዋት ለልጆች ጨዋታ እንድትዘጋ በደብዳቤ ይጠይቅ። በአቅራቢያችሁ የወጣት ማዕከል ካለ ኳስና አሠልጣኝ እንዲያግዛችሁ አነጋግሩት። የወላጆችን ፊርማ በስብሰባ ቀን ቢያሰባስቡ ይቀላል።